መልስ፦ የኤረር ዓሣ በክረምትና በበጋ ለምን ይለያያል?

ወንድሜ፣ ከሐረር ወደ ባቢሌ ስትሄድ የምታገኘው ኤረር ወንዝ ላይ የሚታየው ዓሣ እንደ ወቅቱ ለምን ይለያያል፣ ምግቡስ ይቀየራል ወይ ብለሃል። አዎ፣ ይቀየራል።

በክረምት ጎርፉ ከዳር ጉንዳኑን፣ ፌንጣውን፣ የሣር ዘሩን ጠራርጎ ያስገባል። ግን ውሃው ስለሚደፈርስ ብርሃን ታች አይደርስም፣ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ አልጌም ይመናመናል፣ እሱን እየፋቁ የሚኖሩት ጋራ (Garra) እንደሚባለው የዓሣ ዓይነት ያሉ ትንንሽ ዓሦች ይቸገራሉ። ያገኘውን የሚበላው ዓሣ ግን ምን ቸገረው!

በበጋ ወንዝ ሲቀንስ ይቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ይሆናል። ውሃው ይሞቃል፣ ኦክስጅን ያንሳል። እዚህ ላይ አምባዛን የሚያክል የለም፤ ከአየር ላይ መተንፈስ ስለሚችል ሌላው ሲያልቅ እሱ ይተርፋል፣ አብረውት የታሰሩትን ትንንሾች እየበላ።

ምን እንደበላ ለማወቅ የዓሣውን ሆድ ከፍተህ ለማየት ካሰብክ አንድ ዓሣ አይበቃህም፣ የመጨረሻ ምሳውን ብቻ ነው የሚነግርህ። በሁለቱም ወቅት ያዝ። ትልቁንና ትንሹንም ለይ፤ የአምባዛ ጫጩት ነፍሳት ሲለቅም ትልቁ ዓሣ ይውጣል።