ከስኳር ፋብሪካ እስከ ክትባት

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የኬሚካል ምሕንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፍላጎቴ መድኃኒትና ክትባት በሚመረትበት ቦታ መሥራት ነው። በስኳር ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣው አጎቴ ግን «የአንተ ሙያ ሲሚንቶ፣ ስኳርና ሳሙና ነው፤ መድኃኒት ከፈለግህ ፋርማሲ መማር ነበረብህ» ይለኛል። እውነት ረፍዶብኛል?

መልስ፦ አልረፈደብዎትም። አጎትዎ ስለ ስኳሩም ሆነ ስለ ሲሚንቶው አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት መድኃኒትን ለፋርማሲ ባለሙያ ብቻ መተዋቸው ላይ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊን የሚያመነጨውን ሻጋታ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር። ይሁን እንጂ ሻጋታው አየር ስለሚፈልግ በፈሳሹ ገጽ ላይ ብቻ ይበቅል ስለነበር፣ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የሕመምተኛ መጸዳጃ ዕቃ ሳይቀር ደርድረው ቢያበቅሉትም የሚያገኙት ምርት እጅግ ጥቂት ነበር። መፍትሔው የተገኘው በትልልቅ ጋኖች ውስጥ ከጀርም የጸዳ አየር እየነፉና ፈሳሹን እያማሰሉ ሻጋታውን በፈሳሹ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ማብቀል ሲቻል ነው። የአሜሪካው ኩባንያ ፋይዘር በኒው ዮርክ ብሩክሊን አንድ አሮጌ የበረዶ ፋብሪካ ገዝቶ እያንዳንዳቸው 28,000 ሊትር ያህል የሚይዙ 14 ጋኖች ከተከለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 መጀመሪያ ማምረት ጀመረ። የዚህ ዓይነቱን ፋብሪካ በመንደፍ ስማቸው የሚነሣው ማርጋሬት ሃቺንሰን ሩሶ፣ ከአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ከኤምአይቲ በኬሚካል ምሕንድስና ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

ዛሬም የመሐንዲሱ ጭንቀት ያው ነው። ጠላ የምትጠምቅ ባለሙያ ሴት፣ ለአንድ እንስራ የለመደችውን ጥንስስ ለሠርግ ጋን ስታሰናዳ መጠኑን በአሥር አባዝታ ብቻ እንደማትተወው ሁሉ፣ በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ ደኅና ያደገ ሕዋስም በሺህ ሊትር ጋን ውስጥ ሊታፈን ይችላል። አየር የሚነካው አንድ ሊትር ውኃ በክፍል ሙቀት የሚይዘው ኦክስጅን 8 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነውና፣ ተጨናንቀው የሚያድጉ ሕዋሳት ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሱታል። አብዝተው ቢያማስሉና ቢነፉ ደግሞ ጠንካራ ግድግዳ የሌላቸው የእንስሳት ሕዋሳት አረፋው ሲፈነዳ ይጎዳሉ። ስንት አረፋ፣ ምን ያህል ፍጥነት፣ ሙቀቱስ በየት ይውጣ የሚለውን የሚመልሰው በማስ ትራንስፈርና በሂት ትራንስፈር (ቁስና ሙቀት ከቦታ ወደ ቦታ እንዴት እንደሚተላለፉ በሚያጠናው) ትምህርት ሌሊቱን ያነጋ ሰው ነው። የኮቪድ ኤምአርኤንኤ ክትባትም (ለሕዋሳት ፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ የሚያደርሰው) ቢሆን ቅባቱን የያዘው አልኮልና ኤምአርኤንኤውን የያዘው ውኃ በምን ፍጥነት እንደሚቀላቀሉ ካልተወሰነ፣ ኤምአርኤንኤውን የሚሸፍኑት የቅባት ቅንጣቶች መጠን ወጥ አይሆንም።

ሥራው ግን ሁሌ ይህን ያህል የሚመስጥ እንዳይመስልዎት። እኔ በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ፣ በትክክል ባልተቀመጠ የጎማ ጋስኬት (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) በኩል ባክቴሪያ ገብቶ አንድ ሙሉ ጋን ምርት ተደፍቷል። ጋስኬቱን ለመቀየር አሥር ደቂቃ በቃን፤ እንዴት እንደሆነና ዳግም እንዳይሆን ምን እንደተደረገ ለመጻፍ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብን። መጻፍ የሚሰለቸው ሰው ለዚህ ሙያ አይሆንም፤ ይህን አስቀድሜ ብነግርዎት ይሻላል።

በቀረዎት ጊዜ ማይክሮባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ የመማር ዕድል ካገኙ አያሳልፉት። ለልምምድ ብዙ ተማሪ የሰው መድኃኒት ፋብሪካ ብቻ ይፈልጋል፤ እኔ ግን በቅድሚያ የምመክርዎት ቢሾፍቱን ነው። በዚያ የሚገኘው ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የእንስሳት ክትባት ሲያመርት ቆይቷል። የከብት ሳንባ በሽታ ክትባትም ቢሆን ጀርሙን ማራባት፣ ከብክለት መጠበቅ፣ አቀዝቅዞ ማድረቅና በብልቃጥ ማሸግ ያስፈልገዋል፤ አብዛኛው መሣሪያም ለሰው ክትባት ከሚያገለግለው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ከተቀበሉዎት አቀዝቅዞ ማድረቂያውን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ክትባቱ በመጀመሪያ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ አየሩ ተመጥጦ ሲወጣ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ሙቀቱ ከልኩ ካለፈ ግን በብልቃጡ ውስጥ የሚቀረው ነጭ ደረቅ ቅሪት ሟሽሾ ይወድቃል። ከዚያ ሲመለሱ አጎትዎን በፋብሪካቸው የስኳሩ ሽሮፕ አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ የሚፈላው ለምን እንደሆነ ይጠይቋቸው። ስኳሩ በሙቀት እንዳይበላሽ ነው ይሉዎታል።