ሴንሰሩን ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ ቪትዝ መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ቶሎ አይነሳም። ከተነሳም በኋላ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ፋኑ መዞር ይጀምርና አያቆምም። የቼክ ኢንጅን መብራትም በርቷል። ጋራዥ ወስጄው ስካነሩ ፒ0118 የሚል ኮድ አወጣ፤ «የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ይቀየር» አሉኝ። ልቀይረው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይቸኩሉ። ኮዱ የሚለው ከሴንሰሩ መስመር የሚነበበው ቮልት ከልክ በላይ ከፍ ብሏል ነው፤ ሴንሰሩ ሞቷል አይልም። መስመሩ ሴንሰሩ ውስጥም፣ ሶኬቱ ላይም፣ ሽቦው መሃልም ቢቋረጥ ያው ኮድ ይወጣል። ሞተሩን የሚቆጣጠረው የመኪናው ኮምፒውተር የሙቀቱን ልክ ሲያጣ 80 ዲግሪ ነው ብሎ ይገምታል፣ ፋኑንም ያስነሳል። ቀዝቃዛ ሞተር እንደ ሞቀ ተቆጥሮ ቤንዚን ሲመጠንለት ጠዋት ማስቸገሩ አይቀርም።

መካኒክዎ ይህን ይሞክር። ሞተሩ ጠፍቶ የሴንሰሩን ሶኬት ይንቀልና ቁልፉን ኦን ላይ አድርጎ ስካነሩን ያንብብ፤ ከዜሮ በታች 40 ይላል። ቀጥሎ የሶኬቱን ሁለት እግሮች በቀጭን ሽቦ ያገናኝ። ንባቡ ወደ 140 ከዘለለ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ሴንሰሩ ወይም የሶኬቱ መላላት ነው። ካልተነቃነቀ አዲስ ሴንሰር መግዛት ብር መጣል ነው፤ የተቆረጠውን ሽቦ ይፈልግ። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካለ መጀመሪያ እሱ ይጠረግ።

ሴንሰሩን ለብቻው ለመለካት ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያው) በቂ ነው። 20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ200 እስከ 400 ኦም ማሳየት አለበት። ሲሞቅ ኦሙ ካልወረደ ይጣል። ውሃውን በቴርሞሜትር ይለኩ እንጂ «ፈልቷል፣ 100 ደርሷል» አይበሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ እየጨመሩ ከሆነ ደግሞ አዲሱም ሴንሰር አይበረክትም። ዝገቱና ኖራው ጫፉን ይሸፍነውና ሙቀቱን ዘግይቶ እንዲያነብ ያደርገዋል። ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) እና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ይቀላቅሉ። ሴንሰሩ የሚፈታው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ጎሚኒም አብሮ ይቀየር። ሲሞላ የገባው አየር በደንብ ካልወጣ ግን ሴንሰሩ አየር ይዞ ይቀርና ንባቡ ሲዘል ያያሉ።