«አባባ፣ ዛሬም መጡ?»

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 74 ነው። ለ34 ዓመታት ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የምኖረውም ደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት አልፏል። ሴቷ ልጄ አዲስ አበባ፣ ወንዱ ደግሞ አሜሪካ ስለሚኖሩ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና በሥራ የምታግዘኝ ልጅ ብቻ ነን።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ሳምንት የሰማሁት አንድ ቃል ነው። ጤና ጣቢያ ካርድ ለማውጣት ተራዬን ስጠብቅ አንዲት ወጣት ባለሙያ ቀና ብላ አየችኝና «አባባ፣ ዛሬም መጡ?» አለችኝ። በክፋት እንዳልተናገረችው አውቃለሁ፤ ይሁንና ከኋላዬ ከተሰለፉት አንዳንዶቹ ሲስቁ ስለሰማሁ ካርዴን ሳላወጣ ተመለስሁ። ማታ ለልጄ በስልክ ባጫውታት እሷም «አባዬ፣ እውነቷን እኮ ነው፤ ሐኪም ቤት አበዛህ» አለችኝ።

የሒሳብ ሰው ነኝና ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ቆጠርሁ። ከመስከረም እስከ የካቲት 19 ጊዜ ሄጃለሁ፤ 8 ጊዜ ጤና ጣቢያ፣ 6 ጊዜ ሦስት የተለያዩ የግል ክሊኒኮች፣ 2 ጊዜ ሆስፒታል፣ 3 ጊዜ ደግሞ በቀጥታ መድኃኒት ቤት ገብቼ ሕመሜን በመናገር መድኃኒት ገዝቻለሁ። መስከረም ላይ ለደም ግፊት የምወስደው አምሎዲፒን ከ5 ሚሊ ግራም ወደ 10 ከፍ ተደረገልኝ፤ ያን ዕለት የተለካሁት ቡናዬን ጠጥቼ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ ገና እንደ ደረስሁ ነበር። ኅዳር ላይ እግሬ ያብጥ ጀመርና አንዱ ክሊኒክ ላሲክስ አዘዘልኝ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት እነሣለሁ፤ ጥር ላይም እንዲሁ ስነሣ ዞረብኝና በሩ ደፍ ላይ ወደቅሁ። ጉልበቴ ሲብስብኝ (የአገራችንን ብርድ ያውቁታል) ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ገዛሁ፤ እሱን መውሰድ ከጀመርሁ በኋላ ሆዴን ቢያቃጥለኝ ደግሞ ሌላ ክሊኒክ ኦሜፕራዞል ሰጠኝ።

አንድ ነገር ልደብቅዎ አልፈልግም። ማክሰኞ ማክሰኞ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ የማገኛቸው አንድ ጡረተኛ ሾፌር አሉ። ስለ አሰብ መንገድ ሲያወጉኝ ተራዬ ባይደርስ ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የምመላለሰው በእውነት ታምሜ ነው ወይስ የሕመምተኛ ተራ የምሻማ ሽማግሌ ሆኛለሁ? መሄዱን ልተው?

ጡረተኛው መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

---

የተከበሩ መምህር፣

መሄዱን አይተዉ። የተሳሳተው የጉዞዎ ብዛት ሳይሆን አካሄዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም የምለው እርስዎው በቀን በቀን የጻፉትን ተከትዬ ነው።

መዝገብዎን ከታች ወደ ላይ ያንብቡት። ኦሜፕራዞሉ የመጣው ሆድዎ ስለተቃጠለ ነው፤ ሆድን ማቃጠል ደግሞ ዲክሎፌናክ በስፋት የሚታወቅበት ጠባይ ነው። የወደቁት ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ዞሮብዎ ነው፤ ላሲክስ ውኃ ከሰውነት እያስወጣ ሽንት ያበዛል፣ ከተኙበት ሲነሡም የደም ግፊትዎ ድንገት እንዲወርድ ሊያደርግ ይችላል። ላሲክሱ የታዘዘው እግርዎ ስላበጠ ነው፤ አምሎዲፒን፣ በተለይ መጠኑ 10 ሚሊ ግራም ሲደርስ፣ እግር ማሳበጡ የተለመደ ነው፤ እንዲህ ያለውን እብጠት ደግሞ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት እምብዛም አያሻሽለውም። አምሎዲፒኑስ ለምን ጨመረ? ቡና ጠጥቶና ዳገት ወጥቶ ወዲያው የተለካ ግፊት ከፍ ብሎ ስለታየ ይሆናል። የደም ግፊት በትክክል የሚለካው ሰው ቢያንስ 5 ደቂቃ ጀርባውን አስደግፎ ካረፈ በኋላ፣ ቡና ሳይጠጣ 30 ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ሆኖ ነው። ይባስ ብሎ ዲክሎፌናክ ራሱ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እግርንም ያሳብጣል፤ ከላሲክስ ጋር ሲሆን ደግሞ በኩላሊት ላይ ጫናው ይበረታል። እንግዲህ በዚያው ሰሞን ግፊትዎን ቢለኩና እንደገና ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ሌላ ክኒን ሊጨመርልዎ ይችል ነበር።

እንዲህ ሲታይ ከ19ኙ ጉዞዎች ጥቂት የማይባሉት የቀድሞው ጉዞ የወለዳቸው ናቸው። አንዳቸውንም ባለሙያ ለይቼ አልወቅስም፤ እያንዳንዱ ፊቱ የቀረበለትን አይቶ የሚመስለውን አድርጓል። ሁሉንም አንድ ላይ ያየ ግን አልነበረም። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ አረጋውያን ካርዳቸው በአራት ቦታ፣ መድኃኒታቸው በአንድ ፌስታል ሆኖ ሲመጡ አይቻለሁ፤ ፌስታሉን ፍቱልኝ ያላቸው ሰው ግን እምብዛም አላየሁም።

ይህን ስላነበቡ ብለው ዛሬ ማታ ክኒን እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ። የእግር እብጠት ከልብ፣ ከኩላሊት ወይም ከጉበት ሕመምም ሊመጣ ስለሚችል ሳይመረመር ከመድኃኒቱ ነው ማለት አይቻልም። እኔ የጻፍሁት ሐኪምዎን እንዲጠይቁበት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ዲክሎፌናኩን በራስዎ ፈቃድ ደግመው አይግዙ፤ ለጉልበትዎ የሚሻለውን ሐኪሙ ይምረጥልዎ።

አሁን አንድ ቦታ ይምረጡ፤ እኔ ጤና ጣቢያውን እመርጥልዎታለሁ፤ ቅርብ ነው፣ ከፍ ያለ ምርመራ ሲያስፈልግም ሪፈር ይጽፍልዎታል። ቤትዎ ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ ያለቀውን ካርቶን ሳይቀር፣ የባህል መድኃኒትም ካለ ጨምረው ይዘው ይግቡና ስለ እያንዳንዱ «ይህን ለምን እወስደዋለሁ? እስከ መቼ? ልተወው የምችለው አለን?» ብለው ይጠይቁ። ግፊትዎ ተቀምጠውም ቆመውም እንዲለካ፣ ኩላሊትዎም በደም ምርመራ እንዲታይ ይንገሯቸው። ልጅዎ ያን ቀን ከአዲስ አበባ መጥታ አብራዎት ብትገባ ከመቶ የስልክ ምክር ይበልጣል። ወንዱ ልጅዎም ገንዘብ ከመላኩ በፊት የላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ይላክልዎ። ለ7 ቀናት ጠዋትና ማታ፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ጊዜ ለክተው ይጻፉ፤ የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሩትን አማካይ ያውጡ። አማካይ እንዴት እንደሚወጣ ለእርስዎ አላስተምርም። ቤት ውስጥ የተለካው አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቱ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ወረቀቱን ለሐኪሙ ያሳዩ።

ከዚያ በኋላ የቀጠሮ ቀን ይኑርዎ፤ ደኅና ነኝ ብለው እንኳ የማይቀሩበት። ደም ግፊት ያለበት የ74 ዓመት ሰው አዘውትሮ መታየቱ ተገቢ ነው። የቀጠሮ ቀን የማይጠበቅላቸው ምልክቶችም አሉ፦ ደረትን የሚጨብጥ ሕመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መድከም፣ የአንደበት መያዝ፣ ሲተኙ ትንፋሽ ማጠር፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ጭንቅላትን የመታ ውድቀት። ያን ጊዜ «ዛሬም መጡ?» የሚልዎት ቢኖር እንኳ በቀጥታ ይሂዱ።

ስለዚያች ልጅ ንግግር ጥቂት ልበል። በአገራችን የባሰው ችግር ሽማግሌና አሮጊት ሐኪም ቤት ማብዛታቸው ሳይሆን ዘግይተው መምጣታቸው ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ሰው ገንዘብ የለኝም ብሎ ሕመሙን ይዞ ቤቱ እንዳይቀር ታስቦ ነበር። ሰውን ከበር የሚመልሰው ግን ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ባለፈው ሳምንት እርስዎ ላይ ታይቷል፤ ባለሙያዎች ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ልጅዎንም በአክብሮት እወቅሳታለሁ፤ «አበዛህ» ከማለቷ በፊት ለምን እንደ በዛ መጠየቅ ነበረባት።

የአግዳሚውን ነገር ስለነገሩኝ አመሰግንዎታለሁ፤ የሚያሳፍርም ሆኖ አላገኘሁትም። ባለቤቱን ያጣ ሰው ጸጥ ባለ ቤት ሲውል ሕመሙም ጎልቶ ይሰማዋል፤ ከ19ኙ ማክሰኞ የሆኑትን ለብቻ ቢቆጥሯቸው ብዙ ይነግሩዎታል። ጨዋታው ያስፈልግዎታል፤ ለእሱ ብለው ግን ካርድ ማውጣት የለብዎትም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ለዚያ ቀጠሮ ሲሄዱ፣ የሾፌሩን ቤት ሰፈርና ስልካቸውን ይጠይቁ፤ የእሁዱንም ቡና እርስዎ ዘንድ እንዲጠጡ ይጋብዟቸው። ግፊትዎን የሚለኩት ግን ከቡናው በፊት ይሁን።