«ሊዘንብ ይችላል» ለማለት «ካን» ለምን አይሆንም? ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ እንግሊዝኛ የሚማሩ ሰዎች የጠየቁት ነው። ጉዳዩ አንድ ነው፦ ከሚታይ ምልክት ተነስቶ ያላዩትን መገመት።

ጥያቄ፦ መምህር፣ «ማስት» ግዴታ ነው ተብለን ነው የተማርነው። «ሂ ማስት ቢ ታየርድ» ሲባል መድከም ግዴታው ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ደክሞት መሆን አለበት ማለት ነው። የኛው «አለበት»ም እኮ አንዴ ትእዛዝ፣ አንዴ ግምት ነው። ከ«ማስት» ቀጥሎ «ቢ»፣ «ኖው» ወይም «ሀቭ» ሲመጣ ብዙ ጊዜ ግምት ነው፤ «ጎ» ሲመጣ ግን ግዴታ። አሁን እየሆነ ላለ ድርጊት «ማስት ቢ ዎርኪንግ» በል።

ጥያቄ፦ «ቤት ሊሆን አይችልም» ለማለት «ማስንት ቢ አት ሆም» ብዬ ተሳሳትሽ ተባልኩ።

መልስ፦ ልክ ናቸው። «ማስንት» ክልከላ ስለሆነ ሰሚው ቤት እንዳይገኝ የተከለከለ ሰው ይመስለዋል። የግምት «ማስት» አፍራሹ «ካንት» ነው፦ «ሂ ካንት ቢ አት ሆም»። አሜሪካኖች ሳያሳጥሩ «ማስት ኖት ቢ» ሲሉ ትሰሚያለሽ፤ አንቺ ለፈተና «ካንት»ን ያዢ።

ጥያቄ፦ «ዛሬ ማታ ሊዘንብ ይችላል» የሚለውን «ኢት ካን ሬይን ቱናይት» ማለት ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ያሳሳተህ «ይችላል» የምትለዋ ቃል ናት። «ካን» አልፎ አልፎ የሚሆን ነገርን ይናገራል፤ «ኢት ካን ሬይን ኢን ማርች» ቢባል በመጋቢትም አንዳንዴ ይዘንባል ማለት ነው። ስለዚህች ማታ ከሆነ «ማይት»፣ «ሜይ» ወይም «ኩድ» ነው። ሦስቱን በመቶኛ የሚያስቀምጡ ሰንጠረዦች አሉ፤ እነሱን መሸምደድ ጊዜ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ላለፈ ነገርስ?

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ ገማቹ ቃል፣ «ሀቭ»፣ ከዚያ የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ ነው። ጠዋት ቸርችል ጎዳና ስትወጣ አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር ረጥቧል፣ የቆሙት መኪኖች ጣሪያም ውሃ ይዟል እንበል፦ «ኢት ማስት ሀቭ ሬይንድ»። የረጠበው አንድ ሱቅ ደጃፍ ብቻ ከሆነስ? ያ ዝናብ አይደለም፤ «ኢት ካንት ሀቭ ሬይንድ፣ ሰምዋን ማይት ሀቭ ዎሽድ ኢት»። ቃሉን የሚመርጥልህ ያየኸው ምልክት ነው።

ሦስት ስህተቶች ይደጋገማሉ። «ማስት ሀዝ» አይባልም፤ አድራጊው «ሺ» ብትሆንም «ሀቭ» አይለወጥም። «ማስት ሀቭ ዌንት» ሳይሆን «ጎን» ነው። ሦስተኛው የጆሮ ነው፦ በፈጣን ንግግር «ማስተቭ» ሆኖ ስለሚሰማ ብዙዎች «ሀቭ»ን «ኦፍ» ብለው ይጽፉታል። እንግሊዞቹም ይሳሳቱበታል።

ጥያቄ፦ «ማይት ኖት ሀቭ» እና «ኩድንት ሀቭ» አንድ አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ በጣም ይራራቃሉ። «ሺ ማይት ኖት ሀቭ ሲን ዩ» አላየችህ ይሆናል ነው፤ ልታኮርፍ አይገባም። «ሺ ኩድንት ሀቭ ሲን ዩ» ደግሞ ልታይህ በፍጹም አትችልም ነበር ነው፤ ለምሳሌ ያን ሰዓት ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበረች፣ አንተ ፒያሳ።

ጥያቄ፦ «ሜይቢ» አንድ ቃል ነው ሁለት?

መልስ፦ ዓረፍተ ነገር ሲጀምር አንድ፣ «ምናልባት» ነው። ከባለቤቱ ቀጥሎ ሲመጣ ሁለት፦ «ሂ ሜይ ቢ ሌት»።

ጥያቄ፦ ስታዲየም ጣቢያ በሰው ተጨናንቆ አይቼ «ዘ ትሬይን ማስት ቢ ሌት» አልኩ። ስለ ነገም እንዲሁ ልበል?

መልስ፦ የዛሬው ትክክል ነው። ለነገው ግን «ማስት» አይሆንም፣ ስለ ነገ የሚታይ ምልክት ገና የለህማ፤ «ዊል ፕሮባብሊ ቢ ሌት» በል።