ነፃ የሊኒየር አልጀብራ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ከየት ልጀምር ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ሊኒየር አልጀብራ (የቬክተርና የማትሪክስ ሒሳብ) ታስተምሪያለሽ፤ ተማሪዎችሽ 60 ናቸው፤ ላይብረሪ ውስጥ ያለው መጽሐፍ 4 ኮፒ ብቻ ነው። «ማንም በነፃ የሚያወርደው መጽሐፍ ልጽፍ ነው፤ ከየት ልጀምር?» ብለሻል። እኔም በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ የምለምንሽ፣ ከባዶ አትነሺ። እኔ ከባዶ ተነስቼ በሁለት ዓመት የጨረስኩት ሦስት ምዕራፍ ነው። ቬክተር ስፔስ የሚባለውን ሐሳብ በራሴ አገላለጽ ለማስረዳት ብቻ ወራት ፈጀሁ። ከዚያ የጂም ሄፈሮንን «ሊኒየር አልጀብራ» አገኘሁ። ሄፈሮን አሜሪካ፣ ቨርሞንት ውስጥ በሴንት ማይክልስ ኮሌጅ ያስተማረ ሰው ነው። መጽሐፉ በነፃ ይወርዳል። የመልመጃዎቹ መልስ ለብቻው ተሠርቶ ተቀምጧል። ከሁሉም በላይ የላቴክ (የሒሳብ ጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም) ምንጩም፣ ማለትም ፒዲኤፉ የሚወጣበት ሊታረም የሚችል ፋይል፣ አብሮ ይገኛል።

ይቺ ምንጭ የምትባል ነገር ትልቅ ናት። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት የታወቁ መጻሕፍት ፒዲኤፎች በነፃ ተገኙ እንጂ ነፃ አይደሉም። ደራሲውም አሳታሚውም አልፈቀዱም፤ አንቺም ልትቀይሪያቸው አትችይም። ክፍት መጽሐፍ የሚባለው ፈቃዱ በግልጽ የተጻፈበት፣ ምንጩም የተሰጠ ነው። ፒዲኤፉን ብቻ ሰጥተሽ ምንጩን ካስቀረሽ፣ ካንቺ ቀጥሎ ኮርሱን የሚይዘው መምህር አንዲት ማትሪክስ ለማረም ሙሉውን እንደ አዲስ ሊተይብ ነው።

ፈቃድ ላይ አትቸኩዪ። የሄፈሮን መጽሐፍ ከሚሰጥባቸው ፈቃዶች አንዱ የክሪኤቲቭ ኮመንስ (ዝግጁ የአጠቃቀም ፈቃዶችን የሚያዘጋጅ ድርጅት) «ሲሲ ባይ ኤስኤ» ነው። የደራሲውን ስም ጠቅሰሽ መቀየር፣ ማባዛት፣ መሸጥም ይቻላል፤ ያንቺም ሥራ በዚያው ፈቃድ መውጣት አለበት። ኦፕንስታክስ የተባለው የነፃ መጻሕፍት አሳታሚ ያወጣቸው የካልኩለስ ሦስት ቅጾች ደግሞ «ኤንሲ» ያለበት ፈቃድ ነው ያላቸው፤ ለንግድ አይውሉም። አንዱ መሸጥን ሲፈቅድ ሌላው ስለሚከለክል፣ ሁለቱን ቀላቅለሽ አንድ መጽሐፍ ማድረግ አትችይም። እኔ ይህን ያወቅሁት መልመጃዎቹን ካደባለቅሁ በኋላ ነበር፤ ለቅሞ ማውጣቱ አንድ ክረምት በላብኝ። የሒሳብ ትንተና (አናሊሲስ) መጽሐፍ ያዘጋጀው ዪርዢ ሌብል ሥራውን በሁለቱም ፈቃዶች ያወጣው ሌሎች ከሁለቱም ወገን እንዲቀላቅሉት ነው። ላንቺ ግን ባይ ኤስኤን እመክራለሁ። ግቢ በር ላይ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ጠርዘው ቢሸጡት ምን ክፋት አለው? አንዱ ቢያስወድድ ሌላው ያረክሰዋል፤ ስልክ የሌለው ተማሪም መጽሐፍ ያገኛል።

ድካምሽን ምሳሌና መልመጃ ላይ አውጪው። የጋውስ ዘዴ (ተለዋዋጮችን እያስወገዱ እኩልታዎችን መፍቻው) የትም አንድ ነው፤ ምሳሌው ግን የተማሪውን ልብ ማግኘት አለበት። እኔ ክፍል ውስጥ በጣም የሠራልኝ የአደባባይ ምሳሌ ነው። አንድ ክብ የመኪና አደባባይ አስቢ። በየመገናኛው የሚገባውና የሚወጣው መኪና እኩል ነው ካልን፣ ለእያንዳንዱ አንድ እኩልታ እናገኛለን። ሲፈታ ሁልጊዜ አንድ ነፃ ተለዋዋጭ (እኩልታዎቹ ዋጋውን የማይወስኑት) ይተርፋል። ተማሪዎቹ ስህተት የሠሩ ይመስላቸዋል። አደባባዩን ሳይወጣ ዝም ብሎ የሚዞር መኪና በገቢና በወጪ ቆጠራ አይታወቅም ስላቸው ነው ነገሩ የሚበራላቸው። እንዲህ ያሉ አስር ምሳሌዎች ካዘጋጀሽ መጽሐፉ ያንቺ ሆኗል።

ሥዕል ከንግድ መጽሐፍ ቆርጠሽ እንዳትለጥፊ። በቲክዝ (የላቴክ ሥዕል መሣያ) ወይም በጂኦጀብራ (የጂኦሜትሪ መሣያ ፕሮግራም) ራስሽ ሳዪው። ለጽሑፉ ኦቨርሊፍ (ላቴክ በኢንተርኔት የሚጻፍበት ድረ ገጽ) ጥሩ ነው፤ ኔት ሲጠፋ ግን ሥራሽ ይቆማል። ላቴክን ኮምፒውተር ላይ የሚጭነውን ቴክ ላይቭን አንዴ ላፕቶፕሽ ላይ ከጫንሽው ያለ ኔት ይሠራል። በዚላቴክ (የኛን ፊደል በሚቀበል የላቴክ ዓይነት) አማርኛም ይጻፋል። እኔ በየምዕራፉ መጨረሻ የአማርኛ ማብራሪያ ጨምሬበታለሁ፤ በእንግሊዝኛው የሚቸገሩት መጀመሪያ የሚገልጡት እሱን ነው። አብዛኛው ተማሪ በስልክ ስለሚያነብ ገጹን ኤ5 (የኤ4 ግማሽ) አድርጊው፤ ፓኬጅ እንዳይበላባቸውም ምዕራፍ በምዕራፍ ልቀቂላቸው። ድረ ገጽም ፒዲኤፍም ከአንድ ምንጭ ማውጣት ከፈለግሽ የሮበርት ቢዘርን ፕሪቴክስት የተባለ መጽሐፍ ማዘጋጃ እዪው። ለመጀመሪያ ሥራ ግን ላቴክ ይበቃል።

አንድ ነገር አደራ። ሴሚስተር መሃል የመልመጃ ቁጥር አትቀይሪ። እኔ ሁለት ጥያቄ መሃል ላይ አስገብቼ አዲሱን ፋይል ለቀቅሁ። ግማሹ ክፍል የድሮውን ፎቶ ኮፒ ይዞ ነበርና ሌላ ጥያቄ ሠርቶ መጣ። በኔ ጥፋት ማርክ ሊያጡ ነበር፤ የድሮውንም የአዲሱንም ፋይል መልስ አረምኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ሽፋኑ ላይ የእትም ቁጥርና ቀን አለ፤ እርማት ይሰበሰባል፤ አዲስ እትም የሚወጣው ክረምት ላይ ብቻ ነው። ስህተት ላገኘ ተማሪ ስሙን በምስጋና ገጹ ላይ አሰፍራለሁ። ከኔ ዓይን ያመለጠውን ስንቱን አግኝተውልኛል!

ለዚህ ሴሚስተር አንድ ምዕራፍ ብቻ ያዢ። ስትጨርሺ ምንጩን ጨምረሽ እዚሁ ለጥፊው። መልመጃዎቹን አንድ በአንድ ሠርቼ መልሶቹን አመሳክርልሻለሁ።