ለማስተርስ ፈተና ለምትዘጋጁ የወሎ ልጆች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የማገኛቸው ምሩቃን አሁን አሁን የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ የእንግሊዝኛውን ክፍል እንዴት እንወጣዋለን?» ሒሳቡ ብዙም አያሳስባቸውም። ፎርሙላ አለው፣ ይሠራል፣ ይታረማል። እንግሊዝኛው ግን ከየት ተይዞ የት እንደሚለቀቅ ግራ ይገባቸዋል።

እኔ የእንግሊዝኛ መምህር አይደለሁም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሰብል ምርምር ነው። የምርምር ሥራ ግን ግማሹ ማሳ ላይ፣ ግማሹ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ለማስተርስና ለፒኤችዲ የሚወዳደሩ ወጣት ባልደረቦቼን ሳስጠናም ኖሬአለሁ። የምነግራችሁ ከዚያ ያየሁትን ነው።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምራችኋል። ዲግሪ የያዛችሁትም በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ ለምን ይከብዳል? መልሱ ሀንድአውት ነው። ግቢ ውስጥ የምታነቡት ሀንድአውትና ስላይድ ነበር። ስላይድ ነጥብ በነጥብ የተቆራረጠ ነው። አንዱን ሐሳብ ከሌላው ጋር የሚያያይዝ «ይሁንና»፣ «ስለሆነም»፣ «ምንም እንኳ» የሚል ነገር የለበትም። ፈተናው የሚጠይቃችሁ ደግሞ ያንኑ ማያያዣ ነው። በዚያ ላይ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤት ዘጋ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን አዳረሰ፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሳይቀሩ ተዘረፉ። ያኔ ተማሪ የነበረ ልጅ ክፍተት ቢኖርበት አይገርምም። አብሽሩ፣ የሚሞላ ክፍተት ነው።

ፈተናውን ታውቁታላችሁ። በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ እናንተ ጋት የምትሉት ነው። ስሌት አለው፣ የማመዛዘን ጥያቄ አለው፣ የቃላትና የንባብ ክፍልም አለው። ውጭ አገር ለመማር የምታስቡ ደግሞ ጂአርኢ የሚባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይጠብቃችኋል። እሱ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ወዲህ አጥሯል። የእንግሊዝኛው ክፍል አሁን 27 ጥያቄ ነው፣ በሁለት ተከፍሎ በድምሩ 41 ደቂቃ ይሰጠዋል። ግማሽ ያህሉ ጥያቄ ከምንባብ የሚወጣ ነው። የቀረው ባዶ ቦታ ሙላ ነው፤ እሱም ቢሆን የዓረፍተ ነገሩን አካሄድ ያልተከተለ ሰው አይሞላውም። ጂአርኢ ላይ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። ስለዚህ ባዶ ትቶ መውጣት ሞኝነት ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ ልምጣ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ባለ ሦስት ሺህ ቃል ፒዲኤፍ ሁላችሁም አውርዳችኋል። ሀ ብላችሁ ጀምራችሁ ኤ ሳታልቅ ተሰላችታችሁ ትታችሁታል። ደግ አደረጋችሁ። እኔ ያን ፒዲኤፍ ብዙም አልወደውም። ሽምደዳ ነው። ቃሉ ብቻውን፣ ጎኑ አንድ የአማርኛ ፍቺ። ፈተና ላይ ያው ቃል በሌላ ትርጉሙ ሲመጣ ሸምዳጁ ይደናገራል።

ዝርዝር የግድ ካስፈለጋችሁ አጭሩን ያዙ። አቭሪል ኮክስሄድ የተባሉ የኒውዚላንድ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አለ። 570 የቃላት ቤተሰብ ነው፤ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠራሉ። ምሁሯ የተለያዩ የትምህርት መስኮችን ጽሑፎች ሰብስበው፣ በሁሉም መስክ ደጋግመው የሚመጡትን ቃላት ለዩ። እነዚህ 570 ቤተሰቦች ከአንድ አካዳሚክ ጽሑፍ አሥር በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ሕግ ያጠናም፣ ነርሲንግ ያጠናም፣ ሲቪል ምሕንድስና ያጠናም ይገናኛቸዋል። ጎግል ላይ በነጻ ይገኛል። ግን እሱንም ቢሆን ለመቆጣጠሪያ ተጠቀሙበት። የምታውቁትን እያለፋችሁ፣ የማታውቁትን ምልክት አድርጉና ምንባብ ውስጥ ጠብቋቸው። ይመጣሉ።

ንባቡ ላይ ግን ረጋ ብለን እንነጋገር፤ ዋናው እሱ ነው።

አንድን ጽሑፍ መመላለስ ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም። የአብነት ተማሪው ያንኑ ጽሑፍ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ ይሄድበታል። ደረሳውም ሸኹ ፊት ቁጭ ብሎ ኪታቡን እየመላለሰ ይቀራል። ዘመናዊ ተማሪ ሆነን ነው አንዴ አንብበን «ጨረስኩ» ማለት የለመድነው። በቀን አንድ አንቀጽ ይበቃችኋል፣ ሁለት መቶ ቃል ገደማ የሆነ። ግን ሦስት ጊዜ አንብቡት።

በመጀመሪያው ንባብ አትቁሙ። የማታውቁት ቃል ቢመጣም እለፉት። ስትጨርሱ ስልካችሁን ገልብጡና ጸሐፊው ምን አለ ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ በአማርኛ ቢሆንም ችግር የለም። በሁለተኛው መገጣጠሚያዎቹን ፈልጉ። «ሃውኤቨር» የት አለ? «ኦልዞው» የት አለ? «ዜርፎር» የት አለ? ሐሳቡ የሚታጠፈው እዚያ ነው። አብዛኛው ጥያቄ የሚወጣውም ከመታጠፊያው ነው። መዝገበ ቃላት የሚከፈተው በሦስተኛው ንባብ ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ ይኸውና። ከቆቦ የመጣችሁ ልጆች አቀንጭራን ታውቁታላችሁ፤ የማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጠውን አረም። ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ምንባብ በእንግሊዝኛ መጣ እንበል፦

አቀንጭራን ለመከላከል ለረጅም ጊዜ የተሞከረው በማረም ነበር። ይሁንና አረሙ ከመሬት በላይ ብቅ በሚልበት ጊዜ በሰብሉ ላይ አብዛኛውን ጉዳት አድርሷል። ዘሩ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ስለሆነም አንዳንድ ተመራማሪዎች ዐይናቸውን ከአረሙ ወደ ሰብሉ አዞሩ፤ ያንን ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጭ ማሽላ መፈለግ ጀመሩ።

ጥያቄው «የምንባቡ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው?» ይላል። ምርጫዎቹ እነዚህ ናቸው። ሀ፦ አቀንጭራ ማሽላን ይጎዳል። ለ፦ ማረም ምንም ጥቅም የለውም። ሐ፦ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያወጡ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ትልቅ ሽልማት አግኝተዋል። መ፦ የአረሙ ዘር እንዴት እንደሚነቃ መታወቁ መፍትሔው የሚፈለግበትን ቦታ ቀየረ።

ሀ እውነት ነው፤ ግን ጠባብ ነው። ምንባቡ ከዚያ አልፎ ሄዷል። ለ ተጋኗል። ጸሐፊው ማረም ዘግይቶ የሚደርስ ነው አለ እንጂ «ምንም» አላለም። «ኔቨር»፣ «ኦንሊ»፣ «ኦል» የሚሉ ቃላት ያሉበትን ምርጫ ሁለቴ እዩት። ሐ ደግሞ የጎበዝ ወጥመድ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በዚሁ በማሽላና በአቀንጭራ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ነገሩ እውነት ነው። ምንባቡ ግን ስለ ሽልማት አልተነፈሰም። ግብርና ያጠና ልጅ ይህን ሲያይ ልቡ ይሞቅና ይመርጠዋል። መልሱ መ ነው። «ይሁንና» እና «ስለሆነም» የሚሉትን ብቻ ብታዩ ወደ መ ይወስዷችሁ ነበር።

ልብ በሉ፣ እዚህ ምንባብ ላይ ጎበዙን የሚጥለው የቃላት ማነስ አይደለም። ዕውቀቱ ነው። ምንባብ ስትሠሩ የምታውቁትን በር ላይ ትታችሁ ግቡ። የሚጠየቀው ጸሐፊው ያለው ነው፤ ዓለም ላይ ያለው እውነት አይደለም። ይህን አንድ ነገር ለማስለመድ ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተጨቃጭቄአለሁ። የሚከብዳቸው ደግሞ ሁልጊዜ በሙያቸው የተካኑት ናቸው።

ስለዚህ ልምምድ ስትሠሩ መልሱን አክብቦ ማለፍ አይበቃም። የቀሩት ሦስቱ ለምን እንደወደቁ በግማሽ መስመር ጻፉ። ጠባብ ነው፣ ተጋኗል፣ ምንባቡ ውስጥ የለም፣ ተገልብጧል። ስህተት በአብዛኛው ከእነዚህ አራቱ አይወጣም። ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ለየብቻ ሠርታችሁ ተከራከሩ። የሁለት ሰው ክርክር ከአሥር ሰው ጥናት ቡድን ይሻላል። አሥር ሰው ሲሰበሰብ ቡናው ይፈላል፣ ወሬው ይደራል፣ ደብተሩ ይረሳል።

ምን ታነባላችሁ? መጀመሪያ የራሳችሁን ሙያ። አካውንቲንግ ያጠና ስለ ባንክ፣ ጤና ያጠና ስለ ወባ። የምታውቁት ጉዳይ ሲሆን እንግሊዝኛው ይቀላል። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ግን ከሙያችሁ ውጡ። የምሕንድስና ልጅ ስለ ሥነ ጥበብ ያንብብ፣ የታሪክ ልጅ ስለ ሴል። ፈተናው አይመርጥላችሁም። ከአገር ውስጥ ዘ ሪፖርተር በእንግሊዝኛ ይወጣል። የአዲስ ፎርቹን ርዕሰ አንቀጽም ጥሩ ነው፤ እንግሊዝኛው ጠጠር ይላል፣ ጉዳዩ ግን የራሳችን ነው። የጂአርኢ አዘጋጁ ኢቲኤስ ፓወርፕሬፕ የሚባል ልምምድ አለው፤ ሁለት ሙሉ ፈተና በነጻ ይሰጣል። ለጋት የምትዘጋጁም የንባቡን ክፍል ብትሠሩበት አትጎዱም።

የሚመጥናችሁን ለመለየት የቋንቋ ተመራማሪዎች አንድ መለኪያ አላቸው። አንድ አንባቢ ያለ ረዳት በደንብ እንዲገባው ከመቶ ቃል 98ቱን ማወቅ ይኖርበታል ይላሉ። እንግዲህ በሁለት መቶ ቃል አንቀጽ ውስጥ አራት አዲስ ቃል ማለት ነው። አሥራ አምስት ካገኛችሁ ለጊዜው ከብዷችኋል፤ ቀለል ያለ ፈልጉ። አንድም ካላገኛችሁ ቀሏችኋል።

እነዚያን አራት ቃላት ምን ታደርጓቸዋላችሁ? የቆየ ደብተር በካርድ መጠን ቁረጡ። ፊት ለፊቱ ላይ ቃሉ ያለበትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ቃሉን አስምሩበት። ጀርባው ላይ ቀላል የእንግሊዝኛ ፍቺ፣ ከፈለጋችሁ አማርኛም ጨምሩ። ከዚያ ሦስት የክብሪት ካርቶን ወይም ፖስታ አዘጋጁ። አዲሱ ካርድ አንደኛው ውስጥ ይገባል፤ በየቀኑ ይታያል። ካስታወሳችሁት ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ በሦስት ቀን አንዴ ይታያል። እንደገና ካስታወሳችሁት ሦስተኛው ውስጥ ይገባል፤ በሳምንት አንዴ። ከረሳችሁት ወደ አንደኛው ይመለሳል፣ ይቅርታ የለም። ዘዴው የእኔ አይደለም። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ሰው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው ነው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1885፣ ሰው የሸመደደውን አብዛኛውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሚረሳ በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ የምንመለስበት። ስልክ ላይ የሚሠራ አንኪ የሚባል መተግበሪያም አለ። እኔ ግን ወረቀቱን እመርጣለሁ፤ ስልክ ስትከፍቱ ቲክቶክም አብሮ ይከፈታል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልል አልቀርም። ጫት ይዞ ማጥናት እኛ አካባቢ የተለመደ ነው። ምርቃናው ላይ ሁሉም ቃል የተያዘ ይመስላል፣ ገጹ ይገለበጣል፣ ሌሊቱ ይነጋል። እንቅልፍ ግን ይሄዳል። የተጠና ነገር የሚረጋው በእንቅልፍ ነው። ቅሞ እስከ ንጋት ከማንበብ፣ ከፈጅር በኋላ ወይም ከኪዳን መልስ አንድ ሰዓት ማንበብ ይበልጣል። አልቆጣችሁም፣ ምርጫው የራሳችሁ ነው።

ፈተናው በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። ወረቀት ላይ እያሰመረ ያነበበ ሰው ስክሪን ላይ ዐይኑ ይቅበዘበዛል። ቢያንስ ግማሹን ልምምድ ስክሪን ላይ አድርጉ፤ ላይብረሪም ይሁን ኢንተርኔት ቤት፣ ካልተገኘም ስልክ ይሁን። መብራቱንና ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ፤ የምታነቡትን ሲገኝ አውርዳችሁ አስቀምጡ። ሰዓት ይዛችሁ መሥራት ግን ገና ከመጀመሪያው አያስፈልግም። በትክክል ማንበብ ሲለመድ ፍጥነቱ ይከተላል። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ብቻ በሰዓት ሥሩ።

«የዘንድሮ ጥያቄ ወጣ» እያለ ብር የሚጠይቃችሁን ቻናል ውጡበት። በቃ።

በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ካርድ አትጻፉ፤ ያሉትን ብቻ አዙሩ። ከወረኢሉ ወይም ከመካነ ሰላም ደሴ መጥታችሁ የምትፈተኑ ከሆነ ከዋዜማው ግቡ፤ መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም የሚጠብቃችሁ የለም። መታወቂያችሁንና የተመዘገባችሁበትን ማስረጃ ማታውኑ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት አንድ አንቀጽ አንብቡ፣ ከዚህ በፊት የሠራችሁትን፣ ዐይናችሁ እንግሊዝኛውን እንዲለምድ ብቻ። ከዚያ ቁርሳችሁን ብሉና ሂዱ።