«ሲተነፍስ» ደረቱ ይነሳል ወይስ ይወርዳል?

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ለእናቶች የሚታደል አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ልጁ ሲተነፍስ ደረቱና ሆዱ ይነሳል» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ግን «ሲተነፍስማ ይወርዳል» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ከባልደረባዎ ጋር ነኝ። ጎማ አየር ሲሞላ «ተነፋ»፣ አየሩ ሲወጣ «ተነፈሰ» እንላለን። ምስጢር የጠበቀ ሰው «ለማንም አልተነፈስኩም» ይላል። ዝም ማሰኘት ስንፈልግ «ትንፍሽ እንዳትል» ነው። ሁሉም ከውስጥ ወደ ውጭ ነው።

ሥሩ ነ-ፈ-ሰ ነው። ነፍስ፣ ነፋስ፣ እስትንፋስ ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። ዕብራይስጡም «ነፌሽ»፣ ዐረብኛውም «ነፈስ» ይላል። «ነፋ» ግን ዘመዱ አይደለም። ግእዙ «ነፍኀ» ነው፤ አማርኛ ኀን ጥሎ «ነፋ» አለው። ዘፍጥረት 2፥7 ላይ እግዚአብሔር ለአዳም የሕይወት እስትንፋስን «እፍ አለበት» ይላል። እስትንፋሱ ከሰጪው ወጥቶ ነው አዳም ውስጥ የገባው። በነገራችን ላይ፣ ሆድ «ይነፋል» ብለውም እንዳይጽፉ። «ሆዴ ተነፋ» የሕመም ቃል ነው።

«መተንፈስ ሁለቱንም ይይዛል፤ ወደ ውስጥ መተንፈስ፣ ወደ ውጭ መተንፈስ ብሎ መለየት ይበቃል» የሚሉ አሉ። «ወደ ውስጥ መተንፈስ» ለጆሮዬ ይሻክራል። «አየር ሳበ» የሚል ያማረ አነጋገር እያለን ምን አስቸገረን? «አየር ሳብ፤ ያዝ፤ ተንፍስ» ሲባል ግራ የሚጋባ ሰው የለም። «ንጹሕ አየር ተነፈስን» የሚለውን ግን ልክደው አልችልም። ሰው ሁሉ ይለዋል፤ የሚገባውን አየር ማለቱ ነው። በደቂቃ ስንቴ ተነፈሰ ሲባልም መግባትና መውጣቱ አንድ ላይ ይቆጠራል። እሺ፣ ቃሉ ሰፍቷል። ባይሰፋ እወድ ነበር።

አካሉ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሰው በእርጋታ አየር ሲስብ፣ በደረትና በሆድ መካከል ያለው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ተኮማትሮ ወደ ታች ይወርዳል። የሆድ ዕቃን ስለሚገፋ ሆድ ወደ ፊት ይወጣል። የታችኞቹ ጎድኖችም ወደ ጎን ይከፈታሉ። ከዚያ ጡንቻው ይላላል፤ ሳንባ በራሱ ይሰበሰባል፤ ደረትና ሆድ አብረው ይወርዳሉ። ይህ መመለስ ጉልበት አይጠይቅም። ሕፃን ላይ ጎድኖቹ አግድም ስለሆኑ በይበልጥ የሚታየው የሆድ እንቅስቃሴ ነው።

ልዩነቱ የሚከብደው የሳንባ ምች ምልክት ላይ ነው። «ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ» ብለው ቢጽፉና እናትየው «ሲተነፍስ»ን «አየር ሲያስወጣ» ብላ ብትረዳውስ? አየር ሲወጣ ደረት መውረዱ ጤና ነው። አደጋው አየር ሲገባ ወደ ውስጥ መሰርጎዱ ነው። ስለዚህ «አየር ሲስብ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት» ብለው ይጻፉ።

ለቆጠራው ግን «ትንፋሽ» በቂ ነው። ልጁ ተረጋግቶ ሳለ ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያሉ ሙሉ ደቂቃ ይቆጥራሉ። ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው።